ጨፌውን ያደረቀው መጣጥፌ

ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። መካኒሳ

አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አራግፎን ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ አስፋልት የለም። ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ወተት ጭነው ወደ ከተማ የሚገቡ አህዮች። ዘመኑ የሰባዎቹ ማብቂያ ነው፤ ከዚህ የሚቀጥለው ላፍቶ ያኔ ገጠር ነበር።

ለምን እንደምሄድ ልናገር። ከሀና ማርያም ወዲህ ባለው ጨፌ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ ረግረጉን ሳያርሱና ሳያደርቁ እንዲያቆዩት በየወሩ ከእርዳታ ድርጅት ስንዴና ዘይት መቀበል ጀምረው ነበር። ሰው ሁሉ አመሰገነ። እኔ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን ማመስገን አልወድም። ጨፌውን በዓይኔ ሳላየው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የፈረንጅ መጻሕፍት ደርድሬ በጋዜጣ አላገጥኩበት። መዝጊያው እንዲህ ይል ነበር፤ «ገበሬ ሆይ፣ የሣር ዘበኝነት ይብቃህ! ቦይ ቅደድ፣ ረግረጉን አድርቅ፣ ጤፍ ዝራ!»

ሽሙጥ ነበር። አንባቢ ይስቃል ብዬ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ከገበሬ ማኅበሩ ባለማኅተም ደብዳቤ መጣ። «በጋዜጣ በወጣው መመሪያ መሠረት ስንዴውን መቀበል አቁመናል፤ ሐሙስ ቦዩን እንጀምራለን» ይላል። ጋዜጣ ሁሉ የመንግሥት በሆነበት አገር የታተመ ነገር ትእዛዝ ነው። ይህን እነሱ ያውቁታል፤ እየጻፍኩበት የምኖረው እኔ ረስቼዋለሁ።

የጋዜጣው አዘጋጅ ደብዳቤውን አንብቦ በሩን ዘጋ።

«ቀልድ ነበር ብለህ እንዳትናገር። ቀልዱን ማን ፈቀደ ይሉናል።»

«ታዲያ ይድረቅ?»

«አድርቁ ያልከው አንተ ነህ።»

ሐሙስ ዛሬ ነው። ሄጄ ላስቆም ቆርጫለሁ።

ሁለት ሰዓት። ጋሪ ላይ

ዋጋው ስሙኒ። ባለ ጋሪው ወሬ ይወዳል።

«ጋሼ፣ ለወተት ነው?»

«ጨፌውን ለማየት ነው።»

«እንግዲያው ፈጠን እንበል፤ ዛሬ መሞቱ ነው። ይሄ ፈረስ በበጋ ምን ሊበላ ነው? ጤፍ ላብላው?» ብቻውን ሳቀ።

«ማን ወሰነ?»

«ጋዜጣ ነዋ! አንድ ትልቅ ሰው ጽፏል አሉ።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«እኔ እንጃ። ትንሽ ሰውማ እንዲህ አያዝም።»

ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። ኦቦ ቶሎሳ ቤት

ባለ ጋሪው ያወረደኝ እዚህ ነው፤ ጨፌው ከበራቸው ይጀምራል። ወገብ የሚደርስ ሣር፣ በመሐሉ ብልጭ ብልጭ የሚል ውሃ፣ የእንቁራሪት ጫጫታ። ኦቦ ቶሎሳ ዕድሜያቸው ስድሳ ያለፈ፣ ስድስት ላሞች ያሏቸው ገበሬ ናቸው። ማኅበሩ ሲወስን «ይቅር» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን ሳይጠይቁ።

ኦቦ ቶሎሳ እንደነገሩኝ፣ ሽማግሌዎቹ ቀን እስኪቆርጡ ድረስ ጨፌው ውስጥ ማጭድ ይዞ መግባት ነውር ነው። ቀኑ ሲደርስ ሣሩ በገመድ ይለካል፤ መጀመሪያ የምትመርጠው ባሏ የሞተባት ናት። ይህን ያነበብኩበት መጽሐፍ የለም።

«ይህን ያህል ስትጠብቁት ከኖራችሁ፣ ስንዴው ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው። መጣጥፌን ሙሉ የተሸከመው ይህ ጥያቄ ነበር።

«እህል የጠፋ ጊዜ ጠርዙን ማረስ ጀምረን ነበር» አሉ። «ልጅ ሲርበው ሕግ አይታይህም። ስንዴው ሲመጣ ሞፈሩን መለስን። ያ ውሃ በበጋ ከብቱንም እኛንም የሚያጠጣ ነው። ሌላ የለንም።»

ጭኮውን አስቀመጥኩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምሬን አልነበረም። ሽሙጥ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ሽሙጥ ማለት፣ ያላሰቡትን መናገር?»

«እንደዚያ ነው።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፈልዎታል?»

«ይከፈለኛል።»

ወይዘሮ ጫልቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እኔን በመሠረተ ትምህርት ማንበብ አስተማሩኝና፣ ለሰፈሩ ያነበብኩላቸው ያንን ነው» አሉ። «ድምፄን ከፍ አድርጌ!»

ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። «አሁን ያሉኝን ስብሰባው ላይ ይበሉልን። ከርስዎ አፍ ከወጣ ይተዉታል።»

«እላለሁ» አልኩ።

አምስት ሰዓት። ግራሩ ሥር

ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ ተቀምጧል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋዜጣዬን አራት ላይ አጥፎ ይዟል፤ መዝጊያዋ በቀይ ተሰምሮባታል። ከጎኑ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ያዛጋል፤ ወደ እኔ እንኳ አላየም።

«ጓድ ጋዜጠኛው ከበላይ መጥተዋል» አለ ሊቀመንበሩ። «ስለ መመሪያው ያብራሩልናል።»

ተነሣሁ። ኦቦ ቶሎሳ ከፊት ረድፍ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ማለት የነበረብኝ «ቀልድ ነበር፣ ተዉት» ነው፤ ሦስት ቃል።

«ጉዳዩ…» አልኩ። «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ይጠናል። እስከዚያው…»

የጀመርኩትን መጨረስ አቃተኝ። ሊቀመንበሩ ጨረሰልኝ።

«እስከዚያው ሥራው ይቀጥላል!»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የተነሣው።

ቦዩ የሚጀምረው በኦቦ ቶሎሳ ደጅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን አካፋ እንዲያነሱ እሳቸው ታዘዙ። ሊቀመንበሩ ካሜራዬን አይቶ «ይህ ለታሪክ መቅረት አለበት!» አለኝ። ፎቶ አነሣኋቸው። ወደ ሌንሱ አላዩም። ሰዉ ሁሉ ቆፈረ፤ ስድስት ሰዓት ግድም ውሃው ጥርት ብሎ ከታች ወዳለው ወንዝ መውረድ ጀመረ።

ሰባት ሰዓት። መመለሻ

እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም ብለው ወይዘሮ ጫልቱ እስከ ጋሪው መጡ።

«እኛ ወረቀቱን ፈራን» አሉ እየሄድን። «መቼም ያልተማረ ወረቀት ይፈራል። እርስዎ ግን ወረቀቱን ራስዎ ጽፈውት፣ ምኑን ነው የፈሩት?»

ጋሪው ላይ ወጣሁ። ዛሬም ያኔ ጠመንጃ ነበረ እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ፤ ጠመንጃውን የያዘው ልጅ ግን ያዛጋ እንደነበር አስታውሳለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝግጅት ክፍል ገባሁ። አዘጋጁ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ቦዩ ተቀደደ።»

ተንፈስ ብሎ ተቀመጠ። «ተመስገን። ፎቶ አለ?»

«አለ» አልኩት።