ወደ ሻሸመኔ በቁምጣ

በደርግ ዘመን ሮቤ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። የክረምቱ እረፍት ሲቃረብ ሻሸመኔ ድረስ ብቻዬን በብስክሌት እንደምሄድ አወራሁ። ዝም ብዬ ብነሳ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ ግን ሻይ ቤትም፣ ክፍል ውስጥም ሳይቀር ለፈፍኩት። "የአዲስ አበባ ልጅ ደጋውን አይችለውም" እያሉ የሚስቁብኝን ባልደረቦቼን አፍ ማስያዝ ፈልጌ ነው።

የመነሻዬ ጠዋት ተማሪዎቼ ገበያው ዳር ቆመው አጨበጨቡልኝ። ሱሪዬ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ከጉልበት በላይ ቆርጬ ቁምጣ አድርጌዋለሁ። እጄን እያውለበለብኩ አለፍኳቸው።

ወደ ዲንሾ መንገዱ ዳገት ነው። ትንፋሼ ሲያጥር ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደብኝ። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ መጠለያ የለም። ብስክሌቱን ጥዬ መንገድ ዳር ኩርምት አልኩ። ቆይተው በፈረስ የመጡ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነቀነቁኝ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ ልጄ?"

ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ፈረሳቸው ላይ አውጥተውኝ፣ ብስክሌቴን ራሳቸው እየገፉ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ሚስታቸው ከበር ብቅ አሉና ራቁት ጭኔን ሲያዩ "አስተግፊሩላህ!" ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሴቶች ልጆቻቸው ወደ ጓዳ ሮጡ። ያ ሁሉ ብርድ ጠፍቶ ፊቴ ጋለ። ጭኔን በእጆቼ ልሸፍን ሞከርኩ።

"ይቅርታ አባባ፣ ለብስክሌቱ ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ብስክሌት ሱሪ ይጠላል እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። እያሾፉ ይሁን የምራቸውን አልገባኝም። የራሳቸውን ሽርጥ አምጥተው አስታጠቁኝ።

ሽርጡን ከታጠቅኩ በኋላ ሚስታቸው ትኩስ ወተት ይዘው ገቡ። ስጠጣ አዩኝና፣

"እናት አለህ?" አሉኝ።

"አለችኝ፣ እማማ።"

"እንዲህ ሆነህ እንደምትዞር ታውቃለች?"

አንገቴን ደፋሁ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደብዳቤ የጻፍኩት በአውቶቡስ እመጣለሁ ብዬ ነበር።

ሲመሽ ብርዱ ሊብስብኝ ይችላል ብለው ሽማግሌው በግ የጫነ አይሱዙ አስቆሙልኝ፤ የሚሄደው ወደ ሮቤ ነው። ብስክሌቴን ይዤ ከበጎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ስንቃረብ ሹፌሩን ከገበያው ወዲያ አሳልፎ እንዲያወርደኝ ለመንኩት። "በጎቹ የሚራገፉት ገበያ ነው" አለና እዚያው መሃል አቆመ።

ሽርጥ ታጥቄ፣ የበግ በጠጥ ተለጥፎብኝ ወረድኩ። ጠዋት ካጨበጨቡልኝ ተማሪዎች አንዷ ከእናቷ ጋር ቅቤ ትሸጣለች። ከነሽርጤ አየችኝና በአክብሮት ብድግ አለች።

"ሻሸመኔ እንዴት ነው ጋሼ?"

"ሩቅ ነው" አልኳት።

እናትየው ሳቋን ለመደበቅ ወደ ቅቤው አጎነበሰች። በዚያ ክረምት ሻይ ቤት ድርሽ አላልኩም።