አንድ ድስት ፍለጋ ወደ ኖርዝጌት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከእናቴ ጋር ከምኖርበት ከሊንውድ ባቡር ተሳፈርኩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ላገባው ያሰብኩት ከማል ሙስሊም ነው። እናቴ ከማልን አትጠላውም፤ እንዲያውም ጨዋ ልጅ ነው ትላለች። ግን “የእስላም ሥጋ ከገባበት ቤት እህል ውሃ አልቀምስም፤ የልጄም ቢሆን” ብላ ቁርጡን ነግራኛለች።

ስለዚህ በዚህ ነገር ያለፈ ሰው ልጠይቅ ብዬ፣ እነማን ጋ እንደምሄድም ለእናቴ ነግሬያት ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ካትሪን ጀርመናዊት ናት፤ ባሏ ኦርሃን ቱርካዊ ሙስሊም። ሦስት ዶላር ከፍዬ፣ የሾርላይን ከተማን ጥድ በመስኮት እያየሁ፣ የምጠይቃቸውን በልቤ ስደረድር እነሱ ሰፈር ኖርዝጌት ደረስኩ። አበባ ገዝቼ በእግሬ ሄድኩ። ተስፋ ነበረኝ።

ምሳ

ኦርሃን ሐላል ዶሮ በሩዝ ሠርቶ ጠበቀኝ። ካትሪንም ከዚያው ድስት ጨልፋ በላች። ዶሮውን ማን እንዳረደው ያስጨንቃት እንደሆነ ብጠይቃት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። ደስ አለኝ። እኔም በላሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ሻንጣ አየሁ። የኦርሃን ነው አለችኝ ካትሪን፤ ሊለያዩ ነው። የተጣሉት ጨቅላ ልጃቸው ይገረዝ አይገረዝ በሚል ነው። አባት “የአባቶቼ ሥርዓት ነው” ይላል፤ እናት አድጎ ራሱ ይወስን ትላለች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ነገር ያበረድኩ መስሎኝ፣ “እኛ አገር እኮ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያስገርዛል። ለዚህ ብላችሁ ትዳር ታፈርሳላችሁ?” አልኩ።

ካትሪን ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

“አንቺስ ለዶሮ ብለሽ አይደል የመጣሽው?” አለችኝ። ኦርሃን አንገቱን ደፋ።

መልስ

ባቡሩ ውስጥ አለቀስኩ። እኛን የሚያፈርሰው እነሱን አልነካቸውም፤ እነሱን ያፈረሰው እኛ ዘንድ ወግ ነው። ለካ የሰው ችግር ከሩቅ ሲያዩት ነው ቀላል። ከማል ደውሎ “ሶ፣ እንዴት ናቸው? ኦኬ ናቸው?” ሲለኝ፣ ቤት ስደርስ ኮል አደርግልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እናቴ ራት አቅርባ ስትጠብቀኝ ደረስኩ።

“ምን አበሉሽ?”

መዋሸት እችል ነበር። “ዶሮ” አልኳት።

አልተቆጣችም። ተነስታ ሳህን አመጣች፤ ከትሪው ላይ የኔን ድርሻ ከፍላ ለብቻዬ አቀረበችልኝና “ብይ ልጄ፣ ደክሞሻል” አለችኝ። ከእናቴ ጋር ለየብቻ ስበላም የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኬ ሲጮህ ከማል እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። አላነሳሁትም።