ላይኛው ምክር ቤት የፈረደልኝ ማሳ

ፊደል የቆጠርኩት በግልባጩ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበርና፣ «ሀ»ን ያወቅኋት ተዘቅዝቃ ነው። ገልብጬ ሳነብለት፣ «እታለም፣ አንቺ እኮ ሰይጣን ነሽ!» እያለ ይስቅ ነበር። በዚያው ፊደል እሱኑ ከሰስኩት።

እናታችን ስታርፍ ከገነተ ማርያም በታች ያለችው ማሳ ቀረች። እኔ ላሊበላ ከተማ ተድሬ፣ ባሌ ሞቶብኝ፣ ሰፌድ እየሰፋሁ ሊጎበኝ ለሚመጣ እንግዳ እሸጥ ነበር። እንግዳው ሲቀር ማሳዋ ትዝ አለችኝ። ድርሻዬን ስጠኝ ስለው ወንድሜ፣ «ከተሜ ነሽ፣ መሬት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ፍርድ ቤቱም «በግብርና አትተዳደርም» ብሎ ለእሱ ወሰነለት። ይግባኝ እያልኩ እስከ ሰበር ሄድኩ፤ እዚያም ያው።

ከሰበር በላይ ያለው እግዜር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዲት የሕግ ባለሙያ ናት ላይኛው ምክር ቤት አለ ያለችኝ። እኔ ምክር ቤት ሲሉ የማውቀው በሬዲዮ የምሰማቸውን፣ እጅ እያወጡ ሕግ የሚያጸድቁትን ነው።

«እነዚያ ሌሎች ናቸው» አለችኝ። «ላይኛው ሕግ አያወጣም። ከየብሔረሰቡ የተወከሉ ሰዎች ተቀምጠው ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማሉ። ሴት ከወንድ እኩል መሬት ትወርሳለች ይል የለ? ፍርዱ ይኼን ጥሶ እንደሆነ የሚያዩት እነሱ ናቸው።»

ልቤ ሞቀ። በእኛ አገር አቤት የሚባለው ቆሞ፣ አደግድጎ፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ነው። ከየብሔረሰቡ የመጡ ሽማግሎች ክብ ሠርተው የሚሰሙኝ መሰለኝ። ስንት ሳምንት ሙሉ ንግግሬን ለግድግዳው ተለማመድኩ። ሌላ የማወራውም ሰው አልነበረኝም፤ ወንድሟን የከሰሰች ከተባልኩ ወዲህ በማኅበር ቀን እንኳ ከጎኔ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር።

አዲስ አበባ ደርሼ ማመልከቻዬን በመስኮት ስሰጥ፣ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት።

«መቼ ነው የምቀርበው?»

«የት?»

«ሽማግሎቹ ፊት ነዋ።»

ፈገግ አለች። «እማማ፣ እዚህ በጽሑፍ ነው። መጀመሪያ አጣሪዎች ያዩታል፣ የትርጉም ጥያቄ ካለበት ወደ ምክር ቤቱ ይመሩታል። ይሂዱ፣ እናሳውቅዎታለን።»

ያደገደግኩትን ነጠላ ፈታሁ። ያ ሁሉ ንግግር ከእኔው ጋር ተሳፍሮ ላስታ ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነውና አይጸናም የሚል። የማሳዋ እኩሌታ የእኔ ሆነ። ወረቀቱን ይዤ እልል ልል ብዬ፣ የሚቀበለኝ ስላልነበረ ተውኩት።

እኛ ዘንድ ሴት እርፍ ጨብጣ አታርስም። ይኼን እያወቅሁ፣ በክሱ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩበትም። በሬ ያለውን ሁሉ፣ አርሰህልኝ ምርቱን እንካፈል እያልኩ ለመንኩ። አንዱ በሬዬ ታሟል አለ፣ አንዱ እኔው ታምሜያለሁ አለ፤ ወንድሜን የሚያስቀይም አልተገኘም። በመጨረሻ እሱኑ ልለምን ሄድኩ። ድንበሩ ላይ ጥማዱን አቆመ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«ላይኛው ቤት በሬ የለውም እንዴ? ይረስልሽ እንጂ!»

እታለም አላለኝም። ማሳዋ ይኸው ሁለት ክረምት ጦሟን አደረች።

አሁን ወሬውን የሰሙ ሴቶች መንገዱን ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። እነግራቸዋለሁ፣ እጽፍላቸዋለሁም። ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በቀደም ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጣችውንም፣ «የሚያርስልሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«ውይ እቴ፣ መጀመሪያ መሬቱ ይምጣ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ያኔ ብጠየቅ እንዲሁ እል ነበር። ጻፍኩላት። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ፊደሎቹን በግልባጩ ታያለች።