የቤዛ ላፕቶፕና የግመል ደላላው

«ላፕቶፔን ሞክረው ለመረጡልኝ ለአዴር ዩሱፍ ከልብ አመሰግናለሁ። የስዕል ፕሮግራሙም ጌሙም ሳይንገራገጭ ይሠራል። አባዬም አብሮን ነበር።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ትናንት ፌስቡክ ላይ የጻፈችው ልጄ ቤዛ ናት። አርክቴክቸር ልትማር ከጅጅጋ ከወጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

«አብሮን ነበር»... ይዤው የሄድኩት ጃንጥላም አብሮን ነበር።

እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ኔትወርክ እየለመንኩ ላፕቶፕ ሳነጻጽር ነው የከረምኩት። በማስመሪያ ያሰመርኩት ሰንጠረዥ አለኝ፤ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ባትሪ፣ ክብደት። ቤዛ «አባዬ፣ ለትምህርቱ ይሁን... ግን ቀለል ያለ ጌምም ቢያጫውተኝ ደስ ይለኛል» ስላለችኝ፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ በሃምሳ አራት ዓመቴ ተማርኩ።

ዩሱፍ ጎረቤታችን ነው። የግመል ደላላ ነው፤ ሳምንቱን ሀርሺንና ቀብሪበያ ገበያ ላይ ይውላል። ቤዛ ከልጅነቷ ጀምሮ «አዴር» ትለዋለች፤ በሱማሌኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ላፕቶፑን በገዛንበት ቅዳሜ አብሮን የመጣው ባለሱቁ የሚስቱ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ከፍቶ አያውቅም።

ሱቁ ውስጥ ሰንጠረዤን ዘረጋሁ። በቶጎ ውጫሌ ድንበር ከገቡት ላፕቶፖች አንዱ ላይ የተለጠፈው የግራፊክስ ካርድ ምልክት ከሰንጠረዤ ጋር ልክክ አለ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ዩሱፍ «ዋርያ ኢንጂነር፣ ቆሞ አይተኸው ነው የምትገዛው?» አለኝ።

«ታዲያ ይጋለባል እንዴ?»

«ግመል ተጭኖ ሲሄድ ነው የሚታየው» አለና ወደ ቤዛ ዞረ። «አንቺ፣ ከምትጭኚበት ሁሉ የሚከብደው የትኛው ነው?»

«ጌሙ!» ብላ ፍላሽዋን ሰካች። የመኪና እሽቅድምድም ነው። ጫነችና ለቀቀችው።

አሥር ደቂቃ አልሞላም... መኪኖቹ ቆም ቆም እያሉ መንገራገጭ ጀመሩ። ማራገቢያው ጮኸ። ዩሱፍ መዳፉን ከላፕቶፑ ሆድ ሥር አስገባና «ይሄ ትኩሳት አለው» ብሎ ፈረደ። ባለሱቁ ሴቲንጉን ከፍቶ ሲያይ፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር የለውም። ምልክቱ ከሌላ ተነቅሎ የተለጠፈ ነው! «ዋላሂ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ» እያለ ማለ።

ቀጥሎ ዩሱፍ ያስነሳው ክዳኑ የተጫጫረ፣ ሰንጠረዤ ውስጥ ስሙ እንኳን የሌለ ነው። ሻይ አዘዘና እየጠጣን ግማሽ ሰዓት አስሮጠው። ከዚያ ሆዱን ዳሰሰ።

«ይሄ ሩቅ ይሄዳል» አለ።

ያኔ ነው ቤዛ እየሳቀች «አባዬ፣ አንተም እኮ ድልድይ ላይ እንደዚህ ነው የምታደርገው!» ያለችኝ።

የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ አሸዋ የጫነ መኪና መሃሉ ላይ አቁሜ ነው የምረከበው። ትንሽ ልጅ እያለች ቱሊ ጉሌድ ድረስ ወስጄ ይህንን ያሳየኋት፣ «ጭነት እስኪቀምስ ወረቀቱን አትመኚ» ያልኳት እኔ ነኝ። የገዛ ትምህርቴን ከግመል ደላላ አፍ ሰማችው... አመሰገነችውም።

ይህም አልበቃም። ዛሬ ጠዋት ዩሱፍ ስልኩን ይዞ በሬን አንኳኳ። አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም።

«ኢንጂነር፣ ልጃችን ስለ እኔ ጽፋለች አሉ። አንብብልኝ እስቲ።»

«ልጃችን» የምትለዋን ዋጥኳት። አነበብኩለት።

«እንደገና» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

እንደገና አነበብኩለት። በዚህኛው ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዘለልኳት።

«ዋርያ፣ አንተ ያለህበትን የት ጣልከው?»

«እሱ አይረባም።»

«ውሸት አልጻፈችም። ነበርክ እኮ!» አለና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎኝ ሄደ።

ቀናሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ በጎረቤቴ መዳፍ ቀናሁ። እኔ ሰንጠረዥ ዘርግቼ ሳለ መዳፉን የዘረጋው እሱ ነዋ።

ስለዚህ ቤዛ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እስከ ጥቅምት 30፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ፣ «አብሮን ነበር» የሚለው እንዲስተካከልና በጭነት መፈተንን መጀመሪያ ያስተማረሽ ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ።

በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም... ድምፅሽን ከሰማሁ ይቅር ማለቴ አይቀርም።