በጌዶ ማደጎ የለም

ኦቦ ሌንጂሳ በጌዶ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የማንንም ልጅ አያት ስም ቢጠይቋቸው፣ ሳይጠየቁ ቅድመ አያቱን ጨምረው ይነግሩ ነበር። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2010 መሆኑ ነው፣ ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች መጡና «በዚህ አገር የሰዉን ዘር ጠንቅቆ የሚያውቅ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከተማው ሁሉ ወደ እሳቸው ቤት ጠቆመ። አይ መታደል! ሌላው በጡረታው ዶሮ ሲያረባ እሳቸው ሳይንቲስት ሆኑ።

ጥናቱ ስለ ዝሆኔ ነበር፤ እግርን አሳብጦ ቆዳውን ቅርፊት ስለሚያስመስለው በሽታ። በዚያ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ ሁሉ ለምን አይታመምም? አንዱ ወንድም አብጦ ሌላው ለምን ይተርፋል? ተመራማሪዎቹ ነገሩ ከደም ነው ብለው ስለጠረጠሩ፣ ቤተሰብ በቤተሰብ እየዞሩ ደም ይቀዱና የዘር ሐረግ ያስሥሉ ነበር። የሐረጉ ሥራ ለኦቦ ሌንጂሳ ተሰጠ። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ትሣላለች፤ የታመመው ይጠቁራል፣ ጤነኛው ነጭ ይቀራል።

እሳቸው እቴ፣ ሥራ ከያዙ ማን ይችላቸዋል! በየቤቱ ማስመሪያቸውን ታቅፈው ይገባሉ። ሰው ሲያፍር ሲደብቅ ደግሞ ይቆጣሉ፤ «ለሳይንስ አይዋሽም! የአባቴንና የወንድሜን የኦሊቃን አራት ማዕዘን በገዛ እጄ ነው ያጠቆርኩት!» ይላሉ። አዴ ድንቅቱ የተባሉ ጠላ ሻጭ «የእናቴን ክብ ነጭ አድርግልኝ» ብለው ዶሮ ይዘው ቢመጡ፣ ከነዶሯቸው መለሷቸው። ሚስታቸው አዴ ጉዴ ዶሮዋ ስትሄድ አይተው ቀኑን ሙሉ አኮረፉ።

ከተመራማሪዎቹ መካከል ወጣቱ ቀንዓ ነበር ከእሳቸው ጋር የሚዞረው። ስሙ የአገሩ ቢሆንም ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ የበረዶ ሣጥን ስለሚሸከም ብቻ ከተማው «ዶክተር» ይለዋል። ሥራው ሲጀመር፣ በቤቱ የማደጎ ልጅ ካለ መስመሩ ተቆራርጦ እንደሚሰመር አስተምሯቸው ነበር፤ ደሙ የዚያ ቤት አይደለምና። ሠላሳ አራት ቤተሰብ ተሥሎ ሲያልቅ ቀንዓ ወረቀቶቹን አገላብጦ አገላብጦ አንድም የተቆራረጠ መስመር አጣ።

«ኦቦ ሌንጂሳ፣ በጌዶ ማደጎ የለም እንዴ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«እዚህ ልጅ ሁሉ ልጅ ነው» አሉት። ቀንዓም ጉድ ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ዋሹ እንዳትሏቸው። ጉዲፈቻ በዚያ አገር እንዲህ በቀላሉ የሚወራ ነገር አይደለም። ልጅ በሽማግሌ ፊት ሲወሰድ «አልወለድኩህም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም» ተብሎ ይማላል፤ ከዚያ ወዲያ የወለደና ያሳደገ ብሎ መለየት ነውር ነው። ኦቦ ሌንጂሳም ምለዋል። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አዴ ጉዴ ልጅ እንቢ ሲላቸው፣ «ለወገቧ ሙቀት ይሻላል» ተብሎ ባኮ አክስታቸው ዘንድ ወረዱ። በሦስተኛው ወር፣ እናቱ በወሊድ የሞተችበትን ጨቅላ ታቅፈው ተመለሱ። ስሙን ኤቢሳ አሉት። ጎረቤቱ እልል ብሎ ገብቶ፣ የአራስ ቤቱን ገንፎ በልቶ፣ መርቆ ወጣ። ምስጢሩ ከነመሐላው ባኮ ቀረ፣ ጌዶ የሚያውቅ ነፍስ የለም፤ ኦቦ ሌንጂሳ እንዲህ ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ከራሳቸው አራት ማዕዘን ወደ ኤቢሳ የሚወርደውን መስመር ከሁሉም አወፍረው አሰመሩት።

ይሁን እንጂ ማሽን ይሉኝታ አያውቅም። ቀንዓ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ «የኤቢሳ ናሙና አልገጠመም፤ ቱቦ ተምታቶ ይሆናል» አለ።

«ተምታቶ ነው እንጂ!» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ ቸኩለው።

ደግመው ቀዱት። ሠለሱት። ኤቢሳ የባጃጅ መካኒክ ነው፣ ሳቂታ ልጅ፤ በግሪስ የተለወሰ ክንዱን እየዘረጋ «አባዬ፣ የኔ ደም ምን ቢጣፍጣቸው ነው?» ይላል። በሦስተኛው ጊዜ ቀንዓ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደወለ።

«ኦቦ ሌንጂሳ፣ ቱቦው አልተምታታም። ከእርስዎም ከአዴ ጉዴም አይገጥምም። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«ማሽናችሁን አስጠግኑት!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት። ለሳይንስ አይዋሽም ያሉት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ። ቀንዓም ደግ ልጅ ነውና ዳግመኛ አልጠየቃቸውም፤ የኤቢሳን ናሙና «ብልሽት ያለበት» ብሎ ከጥናቱ አወጣው።

ይህ አለፈ ሲባል የባሰው መጣ። በእድር ስብሰባ ላይ የጥናቱን ፍሬ ነገር ለሕዝብ እንዲያስረዱ ኦቦ ሌንጂሳ ተጋበዙ። ኮት ለብሰው ቆመው፣ የገዛ ቤታቸውን ሐረግ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ጥሩ አድርገው አስረዱ፤ እርግማን አይደለም፤ ደም ያጋልጣል፣ አፈሩ ይጎዳል፤ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ግን ይድናል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ጫማውንና ሳሙናውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ትቶ፣ ደሙን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ የበሬ ነጋዴው ኦቦ ዲንሳ መልስ ላኩ። ልጃቸውን ለንሳን ለኤቢሳ ለመጠየቅ ሽማግሌ ተልኮባቸው ነበር። «የዝሆኔ ደም ካለበት ቤት ልጄን አልሰጥም» አሉ። «ይህን ያስተማረን ደግሞ ራሱ ሌንጂሳ ነው፤ እግዜር ይስጠው።»

ኤቢሳና ለንሳ ሦስት ዓመት ተዋደዋል። እሷ አባቷን ጥላ የምትወጣ ልጅ አይደለችም፤ እሱም ጠልፌ ልሂድ የሚል ልጅ አይደለም። ያ ሳቂታ ልጅ ምግብ ተወ። ባጃጅ ሥር ይገባል፣ መፍቻ ሳይዝ ተጋድሞ ይቀራል። ኦቦ ሌንጂሳ በሩ ላይ ቆመው እግሮቹን ብቻ ያያሉ። አንዲት ቃል ብትወጣቸው ልጁ ይድናል። ያቺ ቃል ግን የማሉባት ናት።

ሄጄ ለዲንሳ ልንገረው ብለው አዴ ጉዴን አማከሯቸው። አዴ ጉዴ የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው አለቀሱ።

«ሚስት ልትሰጠው ብለህ እናት ልታሳጣው ነው?»

«አባትም ያጣል እኮ፤ እኔስ አይቀርብኝም?»

«ታዲያ ምን ያስኬድሃል?»

«እያየሁት ሲሞት ምን ላድርግ፣ ጉዴ?» አሉና ኮታቸውን አነሡ።

ኤቢሳ በባጃጅ አደረሳቸውና ከአጥሩ ውጭ ቀረ። «ጥናቱን በደንብ ላስረዳቸው ነው» ብለውታል። ኦቦ ዲንሳ በክብር ተቀብለው አስቀመጧቸው፣ አረቄ ቀዱላቸው። ኦቦ ሌንጂሳ አልቀመሱትም። በመጀመሪያ ስለ ጫማ ተናገሩ።

«ልጁ ከተወለደ ባዶ እግሩን የሄደበት ቀን የለም፣ ዲንሳ። ምንም አይነካውም።»

«አራት ማዕዘኑ ግን ጥቁር ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ጥቁሩ የአባቴ ነው!»

«ከአባትህ ወደ አንተ፣ ከአንተ ወደ ኤቢሳ መስመር አለ። በማስመሪያ ነው ያሰመርከው፣ አይቼዋለሁ።»

ኦቦ ሌንጂሳ አረቄውን ወደ ጎን ገፉት።

«ዲንሳ፣ በምድር ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ልነግርህ ነው። ኤቢሳን እኔ...»

ኦቦ ዲንሳ ካሉበት ዘለው ተነሥተው በዚያ የበሬ ገመድ በለመደ መዳፋቸው አፋቸውን ያዟቸው።

«ዝም በል! ቤቴ ውስጥ እንዳትናገራት!»

«ምን እንደምል እንኳ...»

«ጉዴ ባኮ ስትወርድ ወገቧ ሸምበቆ ነበር። በሦስት ወሯ ልጅ ታቅፋ መጣች። እኛ ጌዶዎች ከብት እንጂ ወር መቁጠር የማናውቅ መሰለህ?»

«አንተ ታውቃለህ?»

«እኔ ብቻ? አዴ ድንቅቱ ታውቃለች፣ እድሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሰባኪው ሳይቀር ያውቃል።»

«እንግዲያስ!» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ ብድግ ብለው። «ካወቅህ ምን ያስፈራሃል? ደሙ የእኛ አይደለም! ዝሆኔው አይደርስበትም! ማሽኑም አረጋግጧል!»

«ማሽኑ ገንፎ አልበላም» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ምን?»

«እኔ የቤትህን ገንፎ በልቻለሁ፣ ሰውዬ! እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ‹አባቱን ቁርጥ› ብላ መርቃለች። ልጅህ ነው ብለን በልተናል፤ ልጅህ ከሆነ እንግዲህ ሙሉ ልጅህ ነው። ቤትህን ሲወርስ የሌንጂሳ ልጅ፣ በሽታህ ሲመጣ የባኮ ሰው፣ እንዲህ ያለ ጉድ የት አገር አለ? ልጅህን አክብሬ ነው እንቢ ያልኩት።»

መጽሐፍ ቢገለጥ፣ ደም ቢቀዳ፣ አዲስ አበባ ያለ ማሽን ሁሉ ቢመጣ ይህን የሚፈታ የለም። ኦቦ ሌንጂሳ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንዱ ሰክሮ ይናገርብኛል ብለው ሲሰጉ ኖረዋል። ለካስ ያ ሁሉ ሐሜተኛ፣ ያ የሰው ጓዳ የማያስተርፍ ከተማ፣ ልጃቸውን ከእሳቸው ጋር ሲጠብቅላቸው ኖሯል። ዲንሳን በያዙት ከዘራ ሊሏቸውም፣ ጉልበታቸውን ሊስሙም አማራቸው። ሁለቱንም ሳያደርጉ እንባቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው ወጡ።

ኤቢሳ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ፊታቸውን አይቶ ወረደ።

«ምን አሉ፣ አባዬ?»

«እንቢ አሉ።»

«ለምን?»

«የሌንጂሳ ልጅ ነው አሉ።»

ኤቢሳ ግራ ገብቶት አያቸው። «እሱማ ድሮም የታወቀ አይደለም እንዴ? ሌላ ምንም አላሉም?»

«ሌላ ምንም አላሉም፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ፤ ትከሻውን ይዘው ወደ ባጃጁ ገቡ።