ልጄ ቅዳሜ ሁለቴ ስትሞት

ሳሉ የመጣው ከሻወር ቤት ነበር። ደረቅ፣ ከሆድ የሚነሳ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል። የምከትፈውን ሽንኩርት ጥዬ ሮጥኩና በሩን ደበደብኩት።

«ልጄ! ምን ሆንሽ?»

«ማሚ፣ አይም ፕራክቲሲንግ!» አለች ከውስጥ። ተለማመጂ ተብላ ነው።

ያኔ ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቀን ቀን ታኮማ ፓርክ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ትሠራለች፣ እሑድ ቸርች ትዘምራለች። በዚያ ላይ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ቲያትር ቤት ፈትኗት አለፈች። ታሪኩ ድሮ ሃይስኩል እያለች ካስነበቧት አሮጌ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ውፍረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ያክላል። ሰዎች ዘፈን አድርገውት ኒውዮርክ ውስጥ እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ሳያቋርጥ ይታያል አለችኝ። ያየው ሰው ልጁን ይዞ ይመለሳል፣ ልጁም የራሱን ልጅ።

«ምን ቢያዩ ነው የማይጠግቡት?» አልኳት።

«ያለቅሳሉ ማሚ። ማልቀስ ይወዳሉ።»

«ለቅሶማ በነጻ ሞልቷል» አልኩ።

የእሷ ድርሻ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። ወንድሟ የሰረቀውን የሰረቅኩት እኔ ነኝ ብላ ጥፋቱን ትወስድለትና አባቷ ያባርራታል። ከዚያ ሳል ይይዛታል። በበረዶ ተመልሳ መጥታ፣ አባቷ በሩን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ትሞታለች። ይህንን ስትነግረኝ አፏን በእጄ ያዝኩት።

«ሟርት! ሰው የራሱን ሞት ይጠራል?»

እጄን ገፋችው። «አንቺ በቀን አስር ጊዜ ‘ልሙት’ ትዪ የለም እንዴ?»

«እሱ መሐላ ነው!»

ጌታን ካገኘሁ ወዲህ መሐላ ቀንሻለሁ፣ ከአፌ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የእሷ ግን ሌላ ነው። የእኔ አፍ ላይ የሚቀር ነው፣ እሷ በሳምንት ስምንት ጊዜ መሬት ላይ ተዘርግታ ነው የምትሞተው። ቅዳሜ ደግሞ ሁለቴ፣ ቀንና ማታ።

ፈሪ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝና የማላውቀው ነገር ብዙ ነው፤ የማላውቀውን ሁሉ እፈራለሁ። ልጄ ትንሽ ሆና በትምህርት ቤት ትርኢት ላይ ዛፍ ተደርጋ ስትቆም ተንሸራተተች፤ አስተማሪዋ ሳትደርስ መድረኩ ላይ ወጥቼ አነሳኋት። ልጆቹ ሳቁባት። ሃይስኩል ስትዘፍን ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም መሐል ላይ ወጣሁ፤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጭብጨባውን ጠበቅኩ። ስለዚህ ትኬቱን ከመቁረጧ በፊት ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንድ ቀን ብቻ እስከ መጨረሻው ተቀምጠሽ እዪኝ» አለች በአማርኛ። ለእኔ ብዙውን ጊዜ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ካወጣች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «ካልቻልሽ አትምጪ፣ አልቀየምም። መጥተሽ ከወጣሽ ግን ሁለተኛ አልጠራሽም። መድረክ ላይ ሆኜ ወንበርሽ ባዶ ይሆን ይሆን እያልኩ መጫወት አልችልም።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጠፋ።

አባቷ ቀድሞኝ ሐሙስ አየው። ታክሲውን አቁሞ ገብቶ አይቶ መጣ። «እንዴት ነበረች?» ብለው፣ «በጣም ጥሩ አድርጋ ሞተች» አለኝ፣ እራቱን እየጎረሰ። በሳህን ልለው ምንም አልቀረኝም።

ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩትን እትዬን ለመንኳቸው። እትዬ ልጃቸው አመልክቶ ከአገር ቤት ያመጣቸው ሴት ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ ጀምሮ ያልደረሱበት ለቅሶ የለም። የማያውቁት ሰው እንኳ ሞተ ከተባለ ነጠላቸውን ይዘው ይወርዳሉ። እኔን «እናንተ ጴንጤዎች ለቅሶ አታውቁም፣ ለሞተ ሰው ታጨበጭባላችሁ» እያሉ ይተርቡኛል። ያም ሆኖ እወዳቸዋለሁ።

ቅዳሜ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ተሳፍረን፣ ዲሲ መሐል ቀይረን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ጠየቁኝ።

«ምን ሆና ነው የምትጫወተው?»

«ድሃ ልጅ ሆና።»

«እሰይ። መጨረሻዋ ያምራል?»

ትሞታለች ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እምቢ አለኝ። በእኔ አፍ፣ በገዛ ልጄ ላይ? «እግዜር ያውቃል እትዬ» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ልጄ ሆን ብላ ነው መሰለኝ ከረድፉ መሐል ያለውን ወንበር ነው የያዘችልን። ግራም ቀኝም የማላውቀው ሰው ጉልበት ነው። መብራት ሳይጠፋ ቀዩን የመውጫ ምልክት ፈልጌ አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ግማሹን ጊዜ መድረኩን ግማሹን ጊዜ እሱን ሳይ ነበር። ልጄ ወጣች። የተቀደደ ቀሚስ፣ ፊቷ ጥቀርሻ ተቀብቷል። ስትዘፍን ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ቸርች ስትዘምር አውቃታለሁ፣ ይሄ ግን ሌላ ሰው ነበር። ኮራሁ ልበል? ለመኩራት ጊዜ አላገኘሁም፤ የመጀመሪያዋ ሳል መጣች።

እረፍት ሲሆን ሽንት ቤት ወረፋ ያዝኩ። አልመለስም ብዬ አሰብኩ፤ እዚሁ ብቆም ማን ያውቃል? ተራዬ ደርሶ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ተመለስኩ። እትዬ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ከጎናቸው ላለው ሽማግሌ ፈረንጅ ሲዘግኑለት ደረስኩ።

«ምነው አመድ መሰልሽ?» አሉኝ።

«አየሩ ነው።»

ሁለተኛው ክፍል ላይ የወረቀት በረዶ ከላይ መውረድ ጀመረ። ከበሮው በቀስታ ይመታል። ልጄ በአራት እግሯ እየዳኸች ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ሻወር ቤት የሰማሁት ሳል አሁን ቤቱን ሞላው። ጉልበቴ ብቻውን ተነሳ። «ኤክስኪዩዝ ሚ» አልኩ በቀኜ ላለችው ሴት። እሷም እግሯን ሰበሰበችልኝ። ልጄ በሩን አንድ ጊዜ በመዳፏ መታችና ደረጃው ላይ ወደቀች።

እኔ ሳልራመድ ከኋላዬ ጩኸት ተነሳ።

«ወይኔ! ወይኔ ልጄን! ወይኔ አንቺ የቤታችን መብራት!»

እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል፣ ደረታቸውን ይመታሉ። «አባቷ! አንተ ጨካኝ! በሩን ክፈትላት!» ይሉታል ወደ መድረኩ። ከኋላ አንዱ ሽሽ አለ። ዞሬ በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ! ቲያትር ነው!»

«ምን ቲያትር! ዓይኔ እያየ ወደቀች!»

«አልሞተችም! ውሸት ነው እትዬ፣ ትወና ነው! ልሙት አልሞተችም!»

ልጄ ስንት ወር ‘ትወና ነው እኮ’ እያለች ስትነግረኝ የከረመችውን እኔው በገዛ አፌ አልኩት። ጎትቼ አስቀመጥኳቸውና «እስኪ ይዩአት፣ ትተነፍሳለች» ብዬ መድረኩን አሳየኋቸው። ለማሳየት ደግሞ እኔም ማየት ነበረብኝ።

አየኋት። ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል። ሆዷ ግን ይንቀጠቀጣል። ለሌላ ሰው የነፍስ መውጫ መንቀጥቀጥ ይመስላል። እኔ አውቀዋለሁ፤ ቸርች ውስጥ በጸሎት መሐል ሳቅ ሲይዛት እንደዚሁ ነው የምትሆነው። የሞተችው ልጄ በእትዬ ለቅሶ እየሳቀች ነበር።

ደስታዬ ብዙም አልቆየም። ወዲያው ሌላ ፍርሃት ተተካ፦ አሁን ያባርሯታል። ሞቶ የሚስቅ ማን አለ? አለቃዋ የትኛው ይሆን እያልኩ የሰው ማጅራት እቆጥራለሁ። አባትየው በሩን ከፈተ፣ አቀፋት፣ ዘፈነ። ዳቦ ቆሎ የተዘገነለት ሽማግሌ ራሱ እያለቀሰ የእትዬን እጅ ያዘ። ከኋላችን ያለች ሴት መሐረብ አቀበለችን። ከዚያ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ ዙሪያቸውን አዩ። «ልጅ ሞታ ያጨበጭባሉ! ይሄ ሁሉ ሰው ጴንጤ ነው እንዴ?»

ሲያልቅ በጎን በር በኩል ጠበቅናት። ፊቷ ላይ ጥቀርሻው እንዳለ ወጣች። እትዬ ጉንጯን፣ ክንዷን ዳሰሱ፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቋት። «ደህና ነሽ? አንጀቴን በላሽው እኮ!»

እኔ ክንዷን ያዝኩ። «ያባርሩሻል?»

«ለምን?»

«ሳቅሽ እኮ። ሆድሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አላየም ማሚ» አለች። «የሚያባርረኝ የለም።» ቀጠለችና «ታዲያ አልወጣሽም ማለት ነው» አለች።

«ተነስቼ ነበር» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግኩም። «እትዬ ባይጮሁ ኖሮ ወጥቼ ነበር።»

ትንሽ ቅር አላት፣ ግን ተቆጥታ አልነበረም። «እሺ» አለች። «ስለነገርሽኝ እሺ።» ከውስጥ ሰው ጠራት፤ ማታ ደግሞ አለ፣ መብላትና ማረፍ አለባት። ክንዷን የለቀቅኩት እሷ ስትጎትተው ነው።

ወደ ባቡሩ ስንሄድ እትዬ ቆም አሉ። «ማታ ደግሞ ማን ሊያለቅስላት ነው?» አሉኝ፣ የምራቸውን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእሳቸውም ለአባቷም ሳልናገር፣ ትኬት ራሴ ገዝቼ ብቻዬን ሄድኩ። የማንንም እጅ የምይዝበት፣ ማንንም የማስቀምጥበት ምክንያት አልነበረኝም። በረዶው መውረድ ሲጀምር እግሬ መሬቱን መደብደብ ጀመረ፤ በእጄ ተጭኜ ያዝኩት። በሩን መታች። ወደቀች። ወዲያው ሆዷን ፈለግኩ።

አልተንቀሳቀሰም። ያን ቀን የሚያስቃት ማንም አልነበረም፣ ሥራዋን ነበር የምትሠራው። አያለሁ፣ አያለሁ፣ አንዲት ትንፋሽ እንኳ የለም። ቀዩ ምልክት በስተግራዬ እንዳለ አውቃለሁ። አልዞርኩም። የወንበሩን ክንድ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ የተዘረጋች ልጄን እያየሁ፣ ሰዉ እስኪያጨበጭብ ድረስ ተቀመጥኩ።