ሟቹና ትልቁ ሽጉጥ

ታላቅ ወንድሜን የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ሟቹ» ነው የሚለው። ፊልም ላይ ተመትቶ መውደቅ እንጀራው ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ከካሜራው ውጪ ሆኜ እስባለሁ፤ እሱ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ፍራሽ ላይ ያርፋል። የተኮሰው ሰውዬ ክንዱ እንኳ ሳይነቃነቅ፣ የተመታው ደግሞ ግድግዳ ጥሶ የሚሄድበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ተመልካች ግን ያጨበጭባል።

እናታችን አንዱንም ፊልም አላየችም። «የልጄን ሬሳ ለማየት ቲኬት አልቆርጥም። ሳትሞት የምትወጣበት ቀን ጥራኝ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ወንድሜ ይስቃል፤ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲኒማ ቤት ገብታ በሕይወት እንድታየው ይመኛል።

አዲሱ ፊልም ላይ ቀናውና ጠባቂ ሆነ። ተኩሶ፣ ገድሎ፣ በእግሩ የሚወጣ ሰው። ሽጉጡም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ አዘጋጁ በየፊልሙ ያየውን ትልልቅ ሽጉጥ ሁሉ አዳምሮ ብረት ሠሪ ዘንድ ያሠራው ነው። አፈሙዙ አውራ ጣት ያስገባል። አይተኩስም፣ ድምፁ በኋላ ነው የሚጨመርበት፤ ክብደቱ ግን የምር ነው። አዘጋጁ በስስት እያሻሸው፣ «ይህን ያየ ሰው ታሪኩን አይጠይቅም» አለን። እውነቱን ነው፤ ታሪክ የሚባል ነገርም አልነበረውም።

ወንድሜ ክንዱ እንዳይንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ በካውያ ይለማመድ ጀመር። መስታወት ፊት ካውያ ደግኖ ሲያፈጥ እናታችን በሳቅ ትፈርሳለች።

«ሸሚዝ ልትገድል ነው?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ካውያው መጋሉን ሳያይ አንስቶት አውራ ጣቱን ላጠው፤ ጠባሳው አልለቀቀም። እሷ ቅባት እየቀባችው፣ «ግድ የለም፣ ለዚህኛው እመጣለሁ» አለችው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትለብሰውን ቀሚስ ስታወጣና ስታገባ ከረመች።

ቀረጻው ላይ መጀመሪያ የወንድሜ እጅና ሽጉጡ ብቻ በቅርብ ተነሡ። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ለሚገደለው አዲስ ተዋናይ ገመድ ታሰረለት። ሰውየው ግን ሊወድቅ ሲል ፍራሹ መኖሩን ዞር ብሎ ያያል። ደጋግመን ሞከርን። የኔ መዳፍ በገመዱ ተላጠ፣ እሱ ወንበር እንደቀረበለት እንግዳ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

«በዚህ ሽጉጥ የተመታ ሰው እንዲህ ነው የሚወድቀው?» አዘጋጁ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ። «ሟቹ፣ ልብስ ተቀያየሩ። አንተ ሙትልኝ።»

«እናቴ እኮ...» አለ ወንድሜ።

«እናትህ ምን?»

ወንድሜ የጠባቂውን ልብስ ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«ሽጉጡን ትንሽ አድርገው፤ ያኔ ሰውየው ቀስ ብሎም ቢወድቅ ማንም አይስቅም» አልኩት አዘጋጁን።

«ያለ ትልቅ ሽጉጥ ማን ሊመጣልኝ?» አለኝ፣ ወደ ካሜራው እየሄደ።

ወንድሜ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ሳብኩት። እንደዚያን ቀን አምሮበት ሞቶ አያውቅም።

ለእናታችን ሊነግራት አልደፈረም። «ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ» ሲል የፊልሙ ቀን ደረሰና፣ ቀሚሷን ለብሳ ሲኒማ ቤት በመካከላችን ተቀመጠች። አዘጋጁ ያንን የእጅ ምስል ለመጣል ሳስቶ ፊልሙ ውስጥ እንዳቆየው ደግሞ እኛም አላወቅንም ነበር።

ሽጉጡ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ ሲል አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። እናታችን ወደ ፊት ዘንበል አለች። አውራ ጣቱን አየች፣ ጠባሳውን።

«ያንተ እጅ ነው» አለች፣ ደስ ብሏት ክንዱን እየያዘች።

ሽጉጡ አጓራ። ወንድሜ ግድግዳውን ጥሶ ወደቀ።

ሰው ሲያጨበጭብ እሷ ክንዱን አልለቀቀችም። እጁን ወደ ብርሃኑ አዙራ አውራ ጣቱን ዳሰሰችው።

«በገዛ እጅህ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አለችው።

«ድርሰቱ እንደዚያ አልነበረም፣ እማዬ» አላት።